የኩፍኝ ክትባት በጎንደር፦ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ የክትባት ክፍል በር ላይ ተቀምጣችሁ ብታዳምጡ ስለ ኩፍኝ የሚነሳው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። እናቶች ይጠይቃሉ፣ አባቶች ይጠይቃሉ፣ አያቶች ደግሞ ይከራከራሉ። በብዛት የሚነሱትን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። መልሱ የሚረዝምበትም የሚያጥርበትም አለ።

ልጄ የዘጠኝ ወሯን ተከትባለች። ጨርሳለች አይደል?

አልጨረሰችም። በ15 ወሯ ሁለተኛ የኩፍኝ ክትባት አለባት።

ይህን ጥያቄ ያስቀደምኩት ብዙ ልጅ የሚያመልጠን እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር የኩፍኝ ክትባት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ዘጠኝ ወር ላይ ትከተባለች፣ ካርዱ ይሞላል፣ አለቀ። ሁለተኛው ዶዝ የገባው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «ዘጠኝ ወር ላይ ያልቃል» የሚሉት አያቶች ብቻ አይደሉም። የመጀመሪያ ልጇን በ2008 ወልዳ ያስከተበች እናት ሦስተኛዋን ስታስከትብ የራሷ ልምድ ያሳስታታል። ያኔ ልክ ነበረች። አሁን ግን ሥርዓቱ ተለውጧል።

ሌላም ችግር አለ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ስድስት ወር ሙሉ የክትባት ቀጠሮ የለም። ልጅቷ ትድሃለች፣ ትቆማለች፣ መሄድ ትጀምራለች። እናት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ካርዱም ሳጥን ውስጥ ይገባና ይረሳል። እኔ የምመክረው የዘጠኝ ወሩን በምታስከትቡበት ዕለት የ15 ወሩን ቀን ካርዱ ላይ አስጽፋችሁ እንድትመለሱ ነው። ቀኑንም ከበዓል ጋር አያይዙት። «ከጥምቀት ማግስት» ወይም «ከፍልሰታ በፊት» ብሎ መያዝ ወር ከመቁጠር ይቀላል።

ለምን ሁለት ጊዜ? አንዱ አይበቃም?

በዘጠኝ ወራቸው ከተከተቡ 100 ልጆች 85 ያህሉ መከላከያ ያገኛሉ። ወደ 15 የሚሆኑት ግን መርፌውን ቢወስዱም ሰውነታቸው አይቀበለውም። የትኞቹ እንደሆኑ በዓይን አይታወቅም። ሁለተኛው ዶዝ በዋናነት ለእነዚያ ልጆች ሁለተኛ ዕድል ነው። ሁለቱንም ከወሰዱ ልጆች ውስጥ ከ100 ወደ 97 የሚጠጉት ይጠበቃሉ።

«ተከትቦ ታመመ» ብለው የሚያዝኑ ወላጆች አሉ። ሐዘናቸው እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ልጁ የወሰደው አንዱን ብቻ ሆኖ ይገኛል።

እስከ ዘጠኝ ወር ለምን እንጠብቃለን? ሲወለዱ ቢሰጥስ?

ሕፃኑ ከእናቱ ማህፀን ይዞት የሚወጣው መከላከያ አለ። ይህ መከላከያ ለጥቂት ወራት ይቆይና ቀስ በቀስ ያልቃል። እሱ እያለ ክትባቱ ቢሰጥ በደንብ አይሠራም። በጣም ብንዘገይ ደግሞ ልጁ ያለ ምንም መከላከያ ይቆያል። ዘጠኝ ወር የተመረጠው በሁለቱ መካከል ተመዝኖ ነው። ኩፍኝ ብርቅ በሆነባቸው አገሮች እስከ 12 ወር ይጠብቃሉ፤ እኛ ግን ያን ያህል መጠበቅ አንችልም።

ወረርሽኝ ከተነሳ ከስድስት ወር ጀምሮ ሊሰጥ ይችላል። ያ ግን ተጨማሪ ነው። የዘጠኝና የ15 ወሩ እንዳለ ይቀጥላል።

በዘመቻ ተከትቧል። መደበኛውን ልተወው?

አትተዉት። የዘመቻ ክትባት ጭማሪ ነው። ለምሳሌ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በበረታበት ጊዜ እንኳ በመላ አገሪቱ ወደ 15 ሚሊዮን ለሚጠጉ ልጆች በዘመቻ ተሰጥቷል። እንዲህ ያለ ዘመቻ የሚካሄደው መደበኛው ክትባት ሳይደርሳቸው የቀሩ ልጆች በየዓመቱ ስለሚጠራቀሙ ነው። ሁሉም በጊዜው ቢከተብ ዘመቻው ባላስፈለገ ነበር።

በሪፖርት «ከ90 በመቶ በላይ ተከትቧል» ይባላል። ታዲያ ኩፍኝ ለምን ይነሳል?

ይህን የሚጠይቁት በብዛት አባቶችና ወጣቶች ናቸው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ በደንብ መመለስ አለበት።

የክትባት ሽፋን በሁለት መንገድ ይሰላል። አንደኛው የሪፖርት ቁጥር ነው። የተሰጠው ዶዝ ይደመራል፣ ወረዳው ውስጥ ይኖራሉ ተብለው ለሚገመቱ ሕፃናት ይካፈላል። ችግሩ ያለው ግምቱ ላይ ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ስሌት ነው። ሕዝብ ሲፈናቀል፣ ወደ ከተማ ሲጎርፍ፣ ለሥራ ቆላ ሲወርድ ስሌቱ ይዛባል። ከ100 በመቶ በላይ የሚሆን ሽፋን ሪፖርት ላይ የሚታየውም ለዚህ ነው። ከ100 ልጅ 110 አይከተብም።

ሁለተኛው መንገድ የቤት ለቤት ጥናት ነው። ጠያቂው በር አንኳኩቶ ይገባል፣ ካርድ ያያል፣ ካርድ ከሌለ እናትን ይጠይቃል። አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ልጆች ውስጥ የኩፍኝ ክትባት የወሰዱትን እንዲህ አግኝቷቸዋል፦ በ1992 ዓ.ም. 27 በመቶ፣ በ1997 35 በመቶ፣ በ2003 56 በመቶ፣ በ2008 54 በመቶ፣ በ2011 59 በመቶ።

ይህን ተርታ ደግማችሁ እዩት። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ሽፋኑ ከእጥፍ በላይ አድጓል። ቀላል ሥራ አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን በእግራቸው ደጋና ቆላ ወጥተው ወርደው ያመጡት ለውጥ ነው። ከ2003 በኋላ ግን ቆመ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከቦታው እምብዛም አልተነቃነቀም። ይህ ደግሞ ከኮሮናም ከጦርነቱም በፊት ነው።

አሁን አንድ ስሌት እንሥራ። 100 ልጆች አሉ እንበል። 59ኙ አንድ ጊዜ ተከተቡ። ከእነሱ 85 በመቶው መከላከያ አገኘ። ይህ 50 ልጅ ነው። የቀሩት 50 ልጆች ኩፍኝ ሲመጣ ባዶ እጃቸውን ናቸው።

ኩፍኝን ለማቆም የሚያስፈልገው ሽፋን ደግሞ 95 በመቶ ነው፣ ያውም ሁለቱንም ዶዝ። ይህ ቁጥር የበዛው በሽታው እጅግ ተላላፊ ስለሆነ ነው። መከላከያ የሌለው ሰው መሃል አንድ የታመመ ልጅ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ልጁ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል።

አማካይ ቁጥርም ያታልላል። አንድ ወረዳ 80 በመቶ ደረስኩ ሲል አንዱ ቀበሌ 95፣ ሌላው 40 ሊሆን ይችላል። ኩፍኝ እንደ ጎርፍ ውኃ ነው፤ አማካዩን አያይም፣ ዝቅ ያለውን ፈልጎ ይገባል። ስለዚህ እኔ በወረዳ ስብሰባ ላይ የሚነበበውን አንድ ቁጥር ሰምቼ አላርፍም። መስማት የምፈልገው የትኛው ጎጥ እንደቀረ ነው። እንዲህ ያለ ቆጠራ አይቻልም የሚል ካለ ዳባት ወረዳን ይመልከት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እዚያ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና የመኖሪያ ለውጥን ቤት ለቤት እየመዘገበ ይከታተላል።

እኛ ከተማ ነን፣ ሆስፒታልም ቅርብ ነው። ችግሩ የገጠር አይደለም እንዴ?

ጎንደር በጤና ታሪክ ስሟ ትልቅ ነው። በደንቢያ ብዙ ሰው የጨረሰው የወባ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው እዚህ ነው። የጤና መኮንኖችና የማኅበረሰብ ነርሶች ከዚህ ተመርቀው በመላ አገሪቱ ተሰማርተዋል። ነገር ግን ሆስፒታል አጠገብ መኖር ልጅን አይከትብም።

ከተማ ውስጥ የሚያመልጡን ልጆች ሌላ ዓይነት ናቸው። በየጊዜው ቤት የሚቀይሩ ተከራዮች ልጆች አሉ። ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ፣ ፈቃድ ለመጠየቅ የምትፈራ እናት ልጅ አለ። ተፈናቅለው ከዘመድ ጋር የተጠጉ አሉ። ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ቋራ ወርደው የከረሙ ቤተሰቦች ልጆችም አሉ፤ ሲመለሱ ቀጠሮው አልፏል።

ከተማና ገጠሩ ደግሞ የተያያዘ ነው። ቅዳሜ ገበያ ከየት ከየት ሰው እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። በጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ በጀርባ የታዘሉትን ሕፃናት አስቡ። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን በፊት ጀምሮ ያስተላልፋል። ያኔ ጉንፋን ይመስላል፤ ማንም አያውቅም።

እናቶች ለምን ያቋርጣሉ? ግድ የላቸውም ማለት ነው?

በፍጹም። ልጇ ላይ ግድ የሌላት እናት አላጋጠመችኝም። ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ስታዩ ይገባችኋል።

የኩፍኝ ክትባት በዱቄት መልክ ነው የሚመጣው። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ይበቃል። በፈሳሽ ከተበጠበጠ በኋላ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ስለዚህ አንዲት እናት ብቻዋን ስትመጣ አንዳንድ ባለሙያ ዘጠኙ እንዳይባክን ፈርቶ «ሐሙስ ነይ፣ ልጆች ሲሰባሰቡ» ይላታል። ሁለት ሰዓት በእግሯ የመጣች እናት ሐሙስ ላትመለስ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት ይላል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። የሚባክነው ዶዝ ዋጋው ትንሽ ነው። ሳይከተብ የተመለሰ ልጅ ግን ላይመለስ ይችላል።

ቁጣም አለ። ቀኑ ያለፈባት ወይም ካርድ የጠፋባት እናት ሰው ፊት ስትገሠጽ አይቻለሁ። እንዲህ ያለች እናት በሚቀጥለው ጊዜ ቀጠሮ ብታሳልፍ መምጣቱን ትፈራለች። ባልደረቦቼን የምለምነው ይህን ነው፦ ዘግይታ የመጣችውን «እንኳን መጣሽ» በሏት።

ባህላችንም የራሱ ነገር አለው። ብዙ አራስ ክርስትና ሳይነሳ ከቤት መውጣት አትወድም። ወንድ በ40 ቀኑ ስለሚነሳ የ45 ቀኑ ክትባት ይደርስለታል። ሴት ልጅ ግን እስከ 80 ቀን ከቆየች የ45 ቀኑም የአሥር ሳምንቱም ያልፋታል። መነሻው የዘገየባት ልጅ ኩፍኙም ሊዘገይባት ይችላል። ይህን ቀሳውስትና የነፍስ አባቶች ቢያግዙን ትልቅ ነገር ነው። ክርስትናው በቀኑ ይሁን፣ ክትባቱም በቀኑ ይሁን፤ አይጣሉም።

በመጨረሻም ሰላም። የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የቀጠለው ግጭት መንገድ ዘግቷል፣ ባለሙያ አፈናቅሏል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። መብራት ከጠፋና መኪና ካልደረሰ ይበላሻል። ይህን እናት ላይ መጫን ግፍ ነው።

ቀኑ አልፎብኛል። አሁን ብወስደው ይቀበሉኛል?

ሂዱ። ዘገየ ተብሎ ክትባቱ አይቀርም። ሁለቱም ዶዝ ካልተሰጠው አንዱን ዛሬ፣ ሁለተኛውን ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ መውሰድ ይችላል። በመንግሥት ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ ክትባቱ በነፃ ነው።

ካርዱ ጠፋብኝ። ክንዱ ላይ ግን ጠባሳ አለ።

ያ ጠባሳ ከውልደት በኋላ የሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ፣ ቢሲጂ፣ የሚተወው ነው። የኩፍኝ መርፌ ጠባሳ አይተውም። መጀመሪያ ያስከተባችሁበት ቦታ መዝገብ ላይ ይፈለግላችሁ። ካልተገኘ እንደገና ይከተብ፤ አንድ ዶዝ ቢጨመር ጉዳት የለውም። አዲሱን ካርድ ደግሞ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ለባለቤታችሁም ላኩለት።

ከተከተበ በኋላ አተኮሰው። ክትባቱ ነው ያሳመመው?

ሊሆን ይችላል። የኩፍኝ ክትባት ትኩሳት በዚያው ቀን ሳይሆን ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው የሚመጣው። ጥቂት ልጆች ላይ ቀለል ያለ ሽፍታም ይታያል። በአንድ በሁለት ቀን ይለቃል። ጡት ማጥባት አታቋርጡ። ትኩሳቱ ከበረታ ወይም ከቆየ አሳዩት፤ በአጋጣሚ ሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል።

ጉንፋን ይዞታል። ቀጠሮውን ላሳልፈው?

ለቀላል ጉንፋን፣ ለሳል፣ ለትንሽ ተቅማጥ አይተላለፍም። በጣም የታመመ ልጅ ከሆነ ባለሙያው አይቶ ይወስን። ኤችአይቪ በደሙ ያለ ልጅ ከሆነ ለባለሙያው ንገሩ፤ እንዲህ ያለ ልጅ ኩፍኝ ሲይዘው ስለሚበረታበት ክትባቱ የበለጠ ያስፈልገዋል።

መካን ያደርጋል የሚባለውስ?

ውሸት ነው። ይህ ክትባት በዓለም ላይ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሰጠ ነው። ልጅ ሆነው የተከተቡት አድገው፣ ወልደው፣ የልጅ ልጅ አይተዋል። ፈንጣጣ ያስታወሱ ሽማግሌዎች ካሉ ጠይቋቸው። ያ በሽታ በ1968 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ የጠፋው በክትባት ነው።

ኩፍኝ እኮ ሁላችንም የወጣልን የልጅ በሽታ ነው። ይህን ያህል ያስፈራል?

የተረፍነው ነን «ወጣልን» የምንለው። ያልተረፉት አይናገሩም። ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት ኩፍኝ በዓለም ላይ በየዓመቱ 2.6 ሚሊዮን ሰው ይገድል ነበር። ዛሬም በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ 107,500 ሰው እንደሞተ ተገምቷል፤ አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች ልጆች ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚገድለው ተከትሎት የሚመጣው የሳንባ ምችና ተቅማጥ ነው። ዓይን ያሳውራል፣ በተለይ ቫይታሚን ኤ ያነሰው ልጅ ላይ። አልፎ አልፎ አንጎል ያቃጥላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ኩፍኝ ሰውነት ለሌሎች በሽታዎች ያከማቸውን መከላከያ እንደሚያጠፋ ነው። ልጁ ከኩፍኙ ከዳነ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ በቀላሉ ይታመማል። «ከኩፍኙ ወዲህ ሰውነቱ አልመለስ አለ» የሚሉ እናቶች ያዩት እውነት ነው።

ኩፍኝና ጉድፍ በምን ይለያሉ?

ኩፍኝ በትኩሳት፣ በሳል፣ በንፍጥና በቀላ ዓይን ይጀምራል። ሽፍታው ከፊትና ከጆሮ ጀርባ ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። ጉድፍ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ነው። ከተጠራጠራችሁ አሳዩ።

አያቱ «ኩፍኝ መርፌ አይወድም፣ ሐኪም ቤት አይወሰድም» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

በአክብሮት ንገሯቸው። ከሚያደርጉት ውስጥ ደግ ነገር አለ። ልጁን ከሌሎች መለየታቸው ልክ ነው። ብርሃን ቀነስ ያለ ክፍል ማስተኛታቸው የታመመ ዓይኑን ያሳርፈዋል። የሚጎዳው ውኃና ምግብ መከልከሉ፣ ገላ አለመታጠቡና ሕክምና መዘግየቱ ነው። ዓይኑ ውስጥ ቅቤም ሆነ የቅጠል ጭማቂ አታድርጉ።

ጤና ጣቢያ ሲደርስ ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፤ ዛሬና ነገ፣ ሁለት ቀን በተከታታይ። መርፌም አይደለም፣ አፉ ውስጥ የሚንጠባጠብ ነው። የሞትንና የዓይነ ስውርነትን አደጋ ይቀንሳል። ይህን የሰሙ አያቶች ብዙ ጊዜ ራሳቸው ልጁን አዝለው ይመጣሉ።

ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ጡት የማይጠባ፣ ሁሉን የሚያስመልስ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ የሚፈዝ ወይም ዓይኑ የደፈረሰ ልጅ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ይወሰድ።

አንዱ ልጄ ታሟል። ወንድምና እህቱስ?

ያልተከተቡ ከሆነ ዛሬውኑ ውሰዷቸው። ከታመመው ጋር ከተገናኙ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተከተቡ ሊያድናቸው ወይም ሊያቀልላቸው ይችላል። ጊዜው ካለፈም ክትባቱን አይከለከሉም። ስድስት ወር ያልሞላው ካለ ዕድሜውን ለባለሙያው ንገሩ። የታመመው ሽፍታው ከወጣ አራት ቀን እስኪያልፍ ከጎረቤት ልጆች፣ ከትምህርት ቤትና ከማኅበር ይራቅ። ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም በዚያው ቀን ደውሉላት፤ ኩፍኝ ወዲያው ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ነው፣ እሷም የጎረቤቶቻችሁን ካርድ ማየት ትጀምራለች።